ያሪስ ወይስ ኮሮላ? መኪና ለመግዛት የተነሳ ቤተሰብ ከቁመናው በፊት ሊያየው የሚገባው

ደብረ ማርቆስ፦ በደብረ ማርቆስ ከተማ የሚኖር አንድ ቤተሰብ ለአብነት ይወሰድ። አባወራው መምህር ነው፤ ባለቤቱ አነስተኛ የእህል መደብር አላት፤ ሁለት ልጆች አሏቸው። የአባወራው አባት ከከተማው 40 ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኝ የገጠር ቀበሌ የሚኖሩ አዛውንት አርሶ አደር ሲሆኑ፣ በየሦስት ወሩ ለሕክምና ክትትል ወደ አዲስ አበባ ይመላለሳሉ። ቤተሰቡ በዕቁብና በቁጠባ ለዓመታት ያጠራቀመው ገንዘብ አለ። አዛውንቱም ከስንዴና ከድንች ሽያጭ ያገኙትን ጨምረውበታል። ደላላው ሁለት መኪኖችን አቅርቧል። አንደኛው በዕድሜ ለጋ የሆነ ያሪስ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ጠና ያለ ኮሮላ። የሁለቱ ዋጋ ተቀራራቢ ነው።

ይህ ምርጫ በደሴም ሆነ በጎንደር፣ በባሕር ዳርም ሆነ በወልዲያ መኪና ለመግዛት የተነሳ ሰው ሁሉ የሚገጥመው ነው። መልሱም ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ይሆናል፤ “ትልቁ ይሻላል፣ ጠንካራ ነው” ወይም “ትንሹ ይሻላል፣ ነዳጅ አይበላም”። ሁለቱም አባባሎች ግማሽ እውነት አላቸው። ቀሪው ግማሽ ግን የሚገኘው መኪናው የት እንደሚሄድ፣ ስንት ሰው እንደሚጭንና ኮፈኑ ውስጥ ምን ዓይነት ሞተር እንዳለ ሲጠየቅ ነው።

ጥያቄው ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ክብደት አለው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በስተቀር የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ስለዚህ በገበያው ላይ ያሉት የቤንዚን መኪኖች ቀድሞ የገቡትና በአገር ውስጥ የዞሩት ናቸው። ከዚያ በፊትም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ፣ በተለይም ዕድሜያቸው በገፋው ላይ፣ ከባድ ታክስ ጥሎ ነበር። የነዳጅ ድጎማውም ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በሂደት ሲነሳ ቆይቷል። በእነዚህ ምክንያቶች ዛሬ በስህተት የተገዛ መኪና የአንድ ቤተሰብን የዐሥር ዓመት ጥሪት ይዞ ጋራዥ ውስጥ ሊቆም ይችላል።

ትንሽ የሚባለው ምን ያህል ትንሽ ነው?

በዓለም አቀፉ የመኪና ምደባ ኮሮላ ራሱ ከአነስተኞቹ ተርታ ነው፤ መካከለኛ የሚባለው እንደ ካምሪ ያለው ነው። በአገራችን መንገድ ላይ ግን ካምሪ ብርቅ በመሆኑ፣ ሕዝቡ ቪትዝንና ያሪስን ትንሽ፣ ኮሮላን ደግሞ መካከለኛ የቤት መኪና አድርጎ ይቆጥራል። በዚህ ጽሑፍም አጠራሩ የሕዝቡ ነው።

ቪትዝና ያሪስ የሚሉት ስሞች ገዢዎችን ያደናግራሉ። ቶዮታ ያንኑ የኋላ በሩ ወደ ላይ የሚከፈት ትንሽ መኪና በጃፓን ቪትዝ፣ በሌሎች አገሮች ያሪስ እያለ ለሃያ ዓመታት ያህል ሸጦታል። ያሪስ ተብሎ የሚሸጠው ሌላው ዓይነት ደግሞ ኋላው እንደ ኮሮላ የተለየ የዕቃ መጫኛ ያለው፣ ሴዳን የሚባለው ነው። ሁለቱ በስም ቢመሳሰሉም በስፋታቸው አይመሳሰሉም። የመጀመሪያው ትውልድ ቪትዝ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀት 2 ሜትር ከ37 ሳንቲ ሜትር ነው። ከእ.ኤ.አ. 2006 አካባቢ ጀምሮ የተመረተው ያሪስ ሴዳን ግን 2 ሜትር ከ55 ሳንቲ ሜትር አለው። በዚያው ዘመን የተመረተው ኮሮላ ደግሞ 2 ሜትር ከ60 ነው።

እንግዲህ በያሪስ ሴዳንና በኮሮላ መካከል ያለው የጎማ ርቀት ልዩነት አንድ መዳፍ እንኳን አይሞላም። ኮሮላው በጠቅላላ ርዝመቱ በ24 ሳንቲ ሜትር፣ በስፋቱ ደግሞ በ7 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይበልጣል። የኋላ መቀመጫ ላይ ሦስት አዋቂዎች ትከሻ ለትከሻ ሲቀመጡ ያች ሰባት ሳንቲ ሜትር ትታወቃለች፤ ሁለት ልጆችና አንድ አዛውንት ሲቀመጡ ግን ብዙም አትታወቅም። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀት ሲረዝም መኪናው በኮረኮንች ላይ መንገጫገጩ ይቀንሳል። ቪትዝ ከሁለቱም ይልቅ የሚያንገጫግጨው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ቪትዝ አንድ ነገር ሳይነሳ ሊታለፍ አይገባም። ቪትዝ የሚለውን ስም ከፋብሪካ ይዞ የወጣ መኪና ለጃፓን ገበያ የተሠራ ነው፤ በጃፓን ደግሞ መሪው በቀኝ በኩል ነው። ስለዚህ ስሙ ቪትዝ ሆኖ መሪው በግራ የሆነ መኪና የቀረበለት ገዢ፣ መሪው በኋላ የተዛወረ መሆኑን ጠርጥሮ መመርመር አለበት። የዝናብ መጥረጊያዎቹ ከሾፌሩ ፊት ያለውን የመስታወት ጥግ ሳያጸዱ የሚቀሩ ከሆነ፣ ዳሽቦርዱ የተቆራረጠና የተቀጠለ ከመሰለ፣ በመሪው ዘንግ አካባቢ የብየዳ ምልክት ከታየ ጥርጣሬው እውነት ነው። በጥሩ ባለሙያ የተዛወረ ለዓመታት ያገለግላል፤ በግዴለሽነት የተዛወረ ግን ችግሩ የሚታየው ቁልቁለት ላይ መሪው ሲላወስ ነው።

አካል ሌላ፣ ሞተር ሌላ

አርሶ አደሩ በሬዎችን ሲያጣምድ ቁመታቸውንና ጉልበታቸውን ያመዛዝናል፤ አንዱ ከሌላው በእጅጉ ከተለየ ቀንበሩ ያጋድላል፣ ትልሙም ይጣመማል። የመኪና አካልና ሞተርም እንዲሁ መመጣጠን አለባቸው። በገበያችን ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

በአገራችን የኤክሳይስ ታክስ ለዓመታት ሲሰላ የኖረው በሞተሩ መጠን ነው፤ ድንበሮቹም 1 ሺህ 300 እና 1 ሺህ 800 ሲሲ ናቸው። ከ1 ሺህ 300 በታች የሆነ ሞተር ዝቅተኛውን ታክስ ስለሚከፍል አስመጪው ያንን ቢመርጥ አያስገርምም። ቶዮታ 1 ሺህ 298 ሲሲ የሆነውን ያንኑ ሞተር በቪትዝም፣ በያሪስም፣ በአንዳንድ ኮሮላዎችም ላይ ገጥሞታል። ጉልበቱ 85 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ነው። ይህ ሞተር 1 ሺህ ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝነውን ያሪስ ሴዳን ሲጎትት ቀልጣፋ ነው። ከ1 ሺህ 100 እስከ 1 ሺህ 200 ኪሎ ግራም የሚመዝነውን ኮሮላ ሲጎትት ግን ይደክማል። ኮሮላ ነው ብሎ ጉልበት የጠበቀ ገዢ ያገኘው የያሪስን ሞተር በትልቅ አካል ተሸፍኖ ነው ማለት ነው።

በደጋው አገር ይህ ጉዳይ ይብሳል። የቤንዚን ሞተር የሚሠራው ቤንዚንን ከአየር ጋር አቀጣጥሎ ነው፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ደግሞ አየሩ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1 ሺህ ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህሉን ያጣል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ በሞተሩ መግለጫ ላይ ከተጻፈው ጉልበት ሩብ የሚሆነው እዚህ የለም። 85 የተባለው ወደ 65 ይወርዳል። አንድ ሊትር ሞተር ያለው ቪትዝ 70 ከተባለ 53 አካባቢ ይሆናል። 1 ሺህ 600 ሲሲ ሞተር ያለው ኮሮላ ደግሞ ከ110 ወደ 84 ይቀንሳል።

አሁን ቤተሰቡ ይሳፈር። አምስት ሰዎችና ሻንጣቸው በድምሩ 340 ኪሎ ግራም ቢሆኑ፣ ያሪሱ 1 ሺህ 340፣ ኮሮላው 1 ሺህ 500 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናሉ። በዚህ ስሌት 1 ሺህ 300 ሲሲ ያለው ያሪስ ለእያንዳንዱ 1 ሺህ ኪሎ ግራም 48 የፈረስ ጉልበት ይደርሰዋል፤ ተመሳሳይ ሞተር ያለው ኮሮላ 43 ብቻ፤ 1 ሺህ 600 ሲሲ ያለው ኮሮላ ደግሞ 56። ሦስቱን መኪኖች ጉልበታቸው ሲለያቸው ቁመናቸው ከሚያሳየው ቅደም ተከተል ጋር አይገጥምም። የሞተሩ መጠን በሊብሬው ላይ ስለሚጻፍ ገዢው የመኪናውን ቀለም ከማድነቁ በፊት ሊብሬውን ገልጦ ሲሲውን ማንበብ ይኖርበታል።

ዓባይ በረሃ

ለምሥራቅ ጎጃም ነዋሪ የመኪና ትክክለኛ መፈተኛ ዓባይ በረሃ ነው። ከደጀን ተነስቶ ወደ ድልዩ የሚወርደው መንገድ፣ ከድልዩ ተነስቶ ወደ ጎሐ ጽዮን የሚወጣው መንገድ እያንዳንዳቸው ወደ 1 ሺህ 400 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ያላቸው ናቸው። በጠቅላላው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሙቀቱ ደግሞ ከደጋው ጋር አይወዳደርም።

ዳገቱን ብዙ ሰው ይፈራዋል፤ አደጋው ግን በይበልጥ ያለው ቁልቁለቱ ላይ ነው። 1 ሺህ 500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ያንን ያህል ከፍታ ሲወርድ ከፍታው ወደ ሌላ ኃይል መለወጡ አይቀርም። በፍሬን ብቻ የሚወርድ ከሆነ አብዛኛው ኃይል ሙቀት ሆኖ ፍሬኑ ላይ ያርፋል። መጠኑን ለመገመት ያህል፣ አንድ የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ለአንድ ሰዓት ተኩል ሲበራ ከሚፈጀው ኃይል ጋር ይቀራረባል። ያ ሁሉ ትኩሳት በአራት ጎማዎች ፍሬን ላይ ሲወርድ የፍሬን ሸራው ይግላል፣ የፍሬን ዘይቱም ሊፈላ ይችላል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉ ተረግጦ መኪናው አይቆምም።

መፍትሔው በ2ኛ ወይም በ3ኛ ማርሽ ሆኖ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዘው ማድረግ ነው። አውቶማቲክ ማርሽ ያለው መኪናም ዝቅተኛ ማርሽ የሚያዝበት ቦታ አለው፤ ብዙ አሽከርካሪ ግን ነክቶት አያውቅም። እዚህ ላይ ሰፋ ያለ ሞተር ብልጫ አለው፤ 1 ሺህ 600 ሲሲ ሞተር ቁልቁለት ላይ ከአንድ ሊትሩ ሞተር በተሻለ ይይዛል። አንድ ሊትር ቪትዝ አምስት ሰውና ሻንጣ ጭኖ ዓባይ በረሃን ደጋግሞ እንዲመላለስ ማድረግ ግን መኪናውን ካልተሠራበት ሥራ ላይ ማሰማራት ነው። በከተማ ውስጥ ልጅ ከትምህርት ቤት የሚያመላልሰው ያው መኪና ደግሞ ተወዳዳሪ የለውም፤ በጠባብ መንገድ ይዞራል፣ በትንሽ ቦታ ይቆማል፣ ነዳጁም ጥቂት ነው።

አንድ ኩንታል የት ይቀመጣል?

ከገጠር ዘመድ ጋር ያልተቋረጠ ግንኙነት ያለው ቤተሰብ መኪናው ለሰው ብቻ እንዲሆን አይገዛም። ጤፍ ይመጣል፣ ድንች ይመጣል፣ ለበዓል በግ ይመጣል። ሰው ትልቁን መኪና የሚመርጠው አብዛኛውን ጊዜ ይህን አስቦ ነው። ሆኖም በሁለቱ መካከል ያለው የመሸከም አቅም ልዩነት የሚታሰበውን ያህል ሰፊ አይደለም። አነስተኞቹ መኪኖች ሰውንም ዕቃንም ጨምሮ ከ400 እስከ 450 ኪሎ ግራም ገደማ የሚችሉ ሲሆን ኮሮላውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። አምስት ሰው ከተሳፈረ በኋላ አንድ ኩንታል መጨመር ለሁለቱም ጣሪያው ነው። ሁለት ኩንታል ከሆነ ኮሮላም ሆነ ያሪስ አቅሙ አይደለም፤ ለዚያ አይሱዙ አለ፣ ጋሪም አለ።

ኩንታሉ የሚቀመጥበት ቦታም ልብ ሊባል ይገባል። ቪትዝም፣ ያሪስም፣ እዚህ የምናያቸው ኮሮላዎችም የሚጎተቱት በፊት ጎማቸው ነው። 100 ኪሎ ግራም ከኋላ ጎማው ጀርባ ባለው የዕቃ መጫኛ ጫፍ ላይ ሲቀመጥ የመኪናው ኋላ ይዘቀዝቃል፣ ፊቱም ይቀልላል። በዚያ ላይ እርጥብ ኮረኮንች ዳገት ከገጠመ የፊት ጎማው መሬቱን መጨበጥ አቅቶት በቦታው ይሽከረከራል። ማታ ከሆነ ደግሞ መብራቱ ወደ ላይ ተነስቶ የተቃራኒውን አሽከርካሪ ዓይን ይወጋል። እህሉን ለሁለት ከፍሎ በየ50 ኪሎው ማሰርና ወደ መቀመጫው ጀርባ ተጠግቶ እንዲቀመጥ ማድረግ፣ ቢቻል ደግሞ አንዱን ከኋላ መቀመጫው እግር ሥር ማኖር ችግሩን በእጅጉ ያቃልለዋል።

መኪናው ከመሬት ያለው ከፍታ በሁለቱ መካከል የሚለያየው በአንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ሲጫን ደግሞ ሁለቱም ዝቅ ይላሉ። የጎማቸው መጠን ግን ይለያል። ብዙዎቹ ቪትዞች 13 ወይም 14 ቁጥር፣ ብዙዎቹ ኮሮላዎች ደግሞ 14 ወይም 15 ቁጥር ጎማ ያደርጋሉ። ትንሽ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ጠልቆ ስለሚገባ ቸርኬውም ሞላውም ቶሎ ይጎዳሉ። በበጋ 40 ኪሎ ሜትር ኮረኮንች ለሁለቱም ይቻላል። በክረምት ግን መረሬ መሬት ላይ ሁለቱም አይሆኑም፤ መኪናውን አስፋልት ዳር ካለ ዘመድ ቤት አቁሞ ቀሪውን በእግር ወይም በበቅሎ መሄድ የአካባቢው ሰው የሚያውቀው ብልሃት ነው።

ነዳጁ ያን ያህል ነው?

የነዳጁ ሒሳብ በወረቀት ላይ ሲሠራ ብዙዎችን ያስገርማል። ያሪሱ በሊትር 15 ኪሎ ሜትር፣ ባለ 1 ሺህ 600 ሲሲው ኮሮላ በሊትር 12 ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ ተብሎ ይያዝ። ቤተሰቡ በዓመት 9 ሺህ ኪሎ ሜትር ቢነዳ ያሪሱ 600 ሊትር፣ ኮሮላው 750 ሊትር ይፈልጋሉ። ልዩነቱ 150 ሊትር ነው፤ በሳምንት ሲካፈል ሦስት ሊትር እንኳን አይሞላም። ይህን በዕለቱ የማደያ ዋጋ ማባዛት ለማንም የማይከብድ ሥራ ነው።

150 ሊትር ቤንዚን ቀላል ገንዘብ ነው ማለት አይደለም። ነገር ግን በዕድሜ የገፋ ሞተር አንድ ጊዜ ወርዶ ሲታደስ የሚጠይቀው ወጪ የብዙ ዓመታትን የነዳጅ ቁጠባ ጠራርጎ ይወስዳል። ስለዚህ በተመሳሳይ ዋጋ የቀረቡ አንድ ለጋ ትንሽ መኪናና አንድ ያረጀ መካከለኛ መኪና ሲነጻጸሩ፣ መጠየቅ ያለበት ነዳጁ ሳይሆን የሞተሩና የማርሹ ቀሪ ዕድሜ ነው።

ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ለዚህ አስተማማኝ ምስክር አይደለም፤ ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። በሬ ሲገዛ ጥርሱ እንደሚታይ ሁሉ መኪናም የራሱ ጥርስ አለው። 60 ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ ሄደ የተባለ መኪና የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ካለቀ፣ መሪው በእጅ ብዛት ከላሰ፣ የሾፌሩ መቀመጫ ጠርዝ ከተበላ ቁጥሩ ውሸት ነው። ሞተሩ ጠዋት ከመነሳቱ በፊት በእጅ ተነክቶ ቀዝቃዛ መሆኑ መረጋገጥ አለበት፤ ሻጭ ቀድሞ አሙቆ ካቆየው የሚደበቅ ነገር ሊኖር ይችላል። ሲነሳ ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ ከታየ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው። ነጭ ጭስ ግን በደጋው ማለዳ ለጥቂት ደቂቃ ቢታይ እንፋሎት ነውና አያስደነግጥም፤ ሞቆም ካላቆመ ነው የሚያሳስበው።

የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል መመሳከር አለበት። ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራው መታደሱ፣ የሦስተኛ ወገን መድኑ ያላለፈበት መሆኑ፣ በመኪናው ላይ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት ዕግድ አለመኖሩ ገንዘብ ከመተላለፉ በፊት ይጣራል። መኪናውን ገዝቶ ሰው በክፍያ በመጫን ወጪውን አወጣለሁ የሚል ካለም ሐሳቡን ቆም ብሎ ቢያጤነው ይበጀዋል። የግል ሰሌዳ ለዚህ አገልግሎት አይፈቅድም፤ አደጋ ሲደርስም የመድን ድርጅቱ ውሉ ተጥሷል ብሎ ካሳ ሊከለክል ይችላል።

ኤሌክትሪክ ሲሆን ስሌቱ ይገለበጣል

ከእንግዲህ አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው የሚያገኘው በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ነው፤ በዚያም ቢሆን ትንሽ ወይስ መካከለኛ የሚለው ጥያቄ ይከተለዋል። ከፍታ የኤሌክትሪክ ሞተርን አያደክመውም፤ ደብረ ማርቆስም ላይ ሆነ መተማ ላይ ጉልበቱ አንድ ነው። ቁልቁለት ላይም ሞተሩ ራሱ መኪናውን እየያዘ ከኃይሉ ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ዓባይ በረሃ ላይ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው።

ችግሩ ያለው ርቀቱ ላይ ነው። በቤንዚን ትንሹ መኪና ቆጣቢ በመሆኑ ጥቂት ነዳጅ ይዞ ሩቅ ይሄዳል፤ ማደያም በየከተማው አለ። በኤሌክትሪክ ግን ትንሽ መኪና ማለት ትንሽ ባትሪ ማለት ነው። ለምሳሌ ቢዋይዲ ሲጋል የተባለው ትንሽ መኪና 30 ወይም 39 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ባትሪ ይዞ ይመጣል። በ100 ኪሎ ሜትር 13 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢፈጅ፣ ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ላለው 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ 39 ይፈልጋል። የዓባይ በረሃ ዳገት ብቻውን ስድስት ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ቁልቁለቱ የሚመልሰው ከዚያ ከፊሉን ብቻ ነው። ስለዚህ ትንሹ ባትሪ ለዚህ መንገድ አይበቃም፤ ትልቁም ቢሆን መጠባበቂያ አይተውም። ከ50 እስከ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ያለው መካከለኛ መኪና ግን ይደርሳል።

ትልቅ ባትሪ በበኩሉ ለመሙላት ጊዜ ይፈልጋል። ከተራ የቤት ሶኬት የሚገኘው 2 ኪሎ ዋት ገደማ ነው። ባለ 30ው ባትሪ ባዶ ከሆነ 15 ሰዓት፣ ባለ 55ቱ ደግሞ ከ27 ሰዓት በላይ ይፈጃል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ይህ በቀላሉ የሚታይ አይደለም። ከከተማ የማይወጣ ሰው ግን በቀን 20 ወይም 30 ኪሎ ሜትር ቢነዳ የፈጀውን በአንድ ሌሊት ይተካል፤ ለእርሱ ትንሹ የኤሌክትሪክ መኪና በቂ ነው።

ወደ ቤተሰቡ ስንመለስ

ለመምህሩ ቤተሰብ የቀረበው ኮሮላ ሞተሩ 1 ሺህ 300 ሲሲ ከሆነ ለጋው ያሪስ ሴዳን ያለ ጥርጥር ይመረጣል። ተመሳሳይ ሞተር፣ ቀለል ያለ አካል፣ ተቀራራቢ ስፋትና የተሻለ ቀሪ ዕድሜ አለው። ኮሮላው 1 ሺህ 600 ሲሲ ሆኖ ሞተሩ ጤነኛ መሆኑ በታመነ መካኒክ ከተረጋገጠ ግን በዓመት አራት ጊዜ አምስት ሆነው ዓባይን ለሚሻገሩ ሰዎች የኮሮላው ፍሬንና ጉልበት ከነዳጁ ልዩነት ይበልጣል። የቀረበው አንድ ሊትር ቪትዝ ቢሆን ኖሮ መልሱ ቀላል ነበር፤ ለከተማ ይሁን፣ አዛውንቱ ግን ለሕክምና በአውቶቡስ ይሂዱ።

የሙከራ ጉዞውም ሻጩ እንደሚወደው በአስፋልት ላይ ሁለት ዙር ብቻ መሆን የለበትም። ቤተሰቡ በሙሉ ተሳፍሮ ዳገትም ቁልቁለትም ኮረኮንችም ባለበት መንገድ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መነዳት አለበት። ባዶ መኪና ላይ የማይሰማ የፍሪሲዮን መንሸራተትና የሞላ ድምፅ ጭነት ሲኖር ይሰማል። በየሦስት ወሩ ለአምስትና ስድስት ሰዓት በዚያ መኪና ውስጥ የሚቀመጡት አዛውንቱ ናቸውና፣ ቀብድ ከመከፈሉ በፊት እርሳቸው ራሳቸው በሩን ከፍተው ይግቡ፣ ጉልበታቸው ከፊት መቀመጫው ጋር መጋጨት አለመጋጨቱን ይዩ፣ ሰው ሳይደግፋቸውም ይውረዱ።